ተቋርጦ የሚቀጥል ስፖርት፦ በድሬ ሙቀት ለሚጀምሩና ደግመው ለሚጀምሩ

ስፖርት አራት ጊዜ ጀምሬ አራቱንም ጊዜ አቁሜያለሁ። እስከ ዛሬ የዘለቀው አምስተኛው ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጀሬ ፊት ስለምቀመጥ ወገቤና ጉልበቴ ማማረር የጀመሩት ገና አርባ ሳይሞላኝ ነው። የስፖርት አሰልጣኝ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም። ማቆምን ግን በደንብ አውቀዋለሁ።

ሦስተኛው ጊዜ እንዴት እንዳበቃ ላጫውታችሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በዛፎቹ ጥላ ስር ሦስት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ዎክ ሳደርግ ቆየሁ። ከዚያ ዘመድ ሞተብን፤ ለቅሶ ቤት ተቀመጥኩ፤ ሳምንት ሄደ። በስምንተኛው ቀን ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ተቀምጠው ሰላም የሚሉኝ አንዲት እናት "ልጄ፣ አቆምሽው እንዴ?" አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ናፍቄያቸው ነው። እኔ ግን "አሞኝ ነው እማማ" ብዬ ዋሸሁ። በማግስቱ ብወጣ "ተሻለሽ?" ሊሉኝ ነው፤ ደግሞ ልዋሽ ነው። ስለዚህ አልወጣሁም። ይባስ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ሱቄ በሌላ መንገድ እየዞርኩ ሄድኩ። (አሁን ሳስበው ያ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ራሱ ዎክ ነበር፤ ግን ማን ቆጥሮት!)

የድሬን ሙቀት ችዬው ነበር፤ ያልቻልኩት እፍረቱን ነው። ኋላ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡትን ሳዋራ ብዙዎቹ ያቆሙት እንደ እኔው ነው። ጥቂት ቀን ያልፋቸዋል፣ ሰው ያየባቸው ይመስላቸዋል፣ ራሳቸውን ይሰድባሉ፣ ከዚያ ጫማው አልጋ ስር ይገባል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ጫማ ከመግዛት አይጀምርም።

1. መልሱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ

ማቋረጣችሁ አይቀርም። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ልጅ ያማል፣ ሌሊቱን ሙቀት አላስተኛ ብሎ ያነጋል። እንግዲያው ለዚያ ቀን የሚሆኑ ሁለት ንግግሮችን ዛሬውኑ ጻፉ።

አንዱ ለሰው የሚባል ነው። የእኔ "አዎ፣ ሰንበት ብያለሁ፤ ነገ እወጣለሁ" የሚል ነው። ምክንያት አይደረድርም፣ ይቅርታ አይጠይቅም፣ ውሸትም የለበትም። ብቻችሁን ስትሆኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት። ያስቃል፤ ይሁን፣ ለምላስ ልምምድ ነው።

ሁለተኛው ለራስ የሚባለው ነው፤ እሱ ይከብዳል። ብዙዎቻችን ለራሳችን የምንለውን ለባላንጣ እንኳ አንልም። "ሰነፍ! ድሮስ አንቺ ምን ጨርሰሽ ታውቂያለሽ!" ጎረቤቴ መጥታ "ሳምንት ሙሉ አልወጣሁም" ብትለኝ ግን "ኧረ አይዞሽ አቦ፣ ነገ አብረን እንወጣለን" ነው የምላት። ይህንኑ ለራስ ማለት መቻል ነው የዚህ ደረጃ ሥራ።

ክርስቲን ኔፍ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣቻቸው ጽሑፎች ለራስ መራራትን ሦስት ቦታ ከፍላዋለች። በእኛ አፍ ላስቀምጠው። የመጀመሪያው "አይዞሽ" ነው፤ ራስን በስድብ ሳይሆን በደግ ቃል ማናገር። ሁለተኛው "በሁሉም የሚደርስ ነው" ማለት ነው፤ የቀራችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ሦስተኛው ነገሩን በልኩ ማየት ነው። ያለፈው አራት ቀን ከሆነ አራት ቀን ነው፤ "ድሮም እንዲህ ነኝ" ስትሉ አራቱን ቀን አርባ ዓመት አደረጋችሁት። እኔ ሦስቱንም አጠጋግቼ ቁም ሳጥኔ በር ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦ "አራት ቀን ቀረ። ሰው ሁሉ ይቀራል። አይዞሽ፣ ጫማሽ በሩ ሥር ነው።"

አንድ ጡረታ የወጡ ደንበኛዬ ይህን አንብበው "እንዲህ መሞላቀቅ አያሰንፍም? እኛ በዱላ ነው ያደግነው" አሉኝ። ካናዳ ውስጥ በካርልተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ነገርኳቸው። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ሲያጓትቱ ከነበሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል ለዚያ ጥፋት ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለቀጣዩ ፈተና ሲዘጋጁ ያጓተቱት ቀንሶ ተገኘ። ምክንያቱ እንግዳ አይደለም፤ ሰው ራሱን በወቀሰበት ነገር አጠገብ ማለፍ አይወድም፤ እኔም የእማማን በር የሸሸሁት ለዚያ ነው። ጋሼ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ዎኩን ግን ይዘውታል።

2. ሰዓቱን ፀሐይዋ ትምረጥላችሁ

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ሐረር ያለ ዘመዳችሁ "ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ እሮጣለሁ" ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ እናንተ ግን አትሞክሩት።

የእኛ ሰዓት ከንጋቱ 11:30 እስከ 1:00 ያለው ነው። ማታ ከ12:30 በኋላም ይቻላል፤ ሆኖም በግንቦትና በሰኔ አስፋልቱና ግንቡ ሲጠጡት የዋሉትን ሙቀት ሲተፉ ያመሻሉ፤ አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛ ሰው ያውቀዋል። በእነዚያ ወራት ማታውን ተዉትና ጠዋቱን አሳጥሩት።

ከደጋ አገር የመጣችሁ፣ ወይም ወር ሁለት ወር ቤት ውስጥ የከረማችሁ ከሆነ፣ ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት ያሰባችሁትን ግማሹን ብቻ ሥሩ። ከመውጣታችሁ በፊት ውሃ ጠጡ፣ ጥማት እስኪመጣ አትጠብቁ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ጥላ ስር ገብታችሁ ልብሳችሁን አላሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ለዚያ ቀን ይብቃችሁ። አብሯችሁ ያለ ሰው መቀባዠር ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነው፤ ሰውነቱን በውሃ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚይዘው ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ይህን አንድ ጊዜ ብዬ አልፋለሁ፤ እናንተ ግን አትለፉት።

3. ያስቃል እስኪባል አሳንሱት

አምስተኛው ጅማሬዬ ጫማ አድርጌ እስከ መንገዱ ጥግ ሄዶ መመለስ ነበር። ስድስት ደቂቃ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን "ምን ረስተሽ ተመለስሽ?" ብሎኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚያ አልጨመርኩም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚያም ሌላ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ቁጥሩ ራሱ ያደክማል። ከዚያው መመሪያ የወደድኩት ሌላውን ነው። ቀድሞ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልተሠራ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ ያ ቀርቷል። አራት ደቂቃም ተቆጠረች ማለት ነው። እኔ 150 ደቂቃ የደረስኩት በአምስተኛው ወር ነው፤ ማንም አልቸኮለብኝም።

ትንሿን ነገር ደግሞ ከነበረ ነገር ጋር ስፏት። "ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ" የሚለው ሐሳብ እጀታ የለውም፤ በየት ይያዛል? ፒተር ጎልቪትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ዓመታት ያጠናው ዘዴ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ መወሰን ነው። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ይመስላል፦

"ሱብሒ ሰግጄ ስጨርስ ተመልሼ ሳልጋደም ጫማዬን አደርጋለሁ።"
"ከኪዳን ስመለስ ባጃጅ አልይዝም።"
"ጀበናው ከሰል ላይ ሲጣድ በርጩማዬ ላይ አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ እላለሁ።"

ሦስተኛዋ የእኔ ናት። ቡናው እስኪፈላ ሌላ ሥራ የለኝም፤ ጀበናው ያስታውሰኛል እንጂ እኔ አላስታውስም።

ስንት ቀን ይፈጃል? "21 ቀን" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን 96 ሰዎችን ይዞ የተጠና ጥናት አንድ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አሳይቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ውሃ መጠጣት የመሰለው ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። እዚያው ጥናት ላይ አንድ ቀን ማለፍ ልማዱን እንዳላበላሸውም ታይቷል። በ22ኛው ቀን ጫማው አሁንም ከከበዳችሁ ጉድለት አይደለም፤ ገና ነው።

4. የሚሠራው ይህ ነው

ዎክ። ከዚራ ሜዳ ነው፣ መንገዶቹ በባቡር ዘመን በቀጥታ የተዘረጉ ናቸው፣ ዛፍም አላቸው፤ ለጀማሪ ጉልበት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ሳቢያን ወይም መልካ ጀብዱ ያላችሁ የቤታችሁን ዙሪያ ተመልከቱ፤ ጥላና የማያሯሩጥ ውሻ መኖሩን አረጋግጡ። ፍጥነቱን እንዲህ ለኩት፦ አብሯችሁ ካለ ሰው ጋር ማውራት የምትችሉ፣ መዝፈን ግን የማትችሉ ከሆነ ልኩ እሱ ነው። መዝፈን ከቻላችሁ ፍጠኑ፤ ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ።

ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ ውስጥ አሸዋው ላይ መሄድ ደስ ይላል፤ በበጋ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ነው። በክረምት ግን አትግቡበት። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል፤ የከተማው ሰው አይረሳውም።

ጡንቻ የሚያጠነክረው በሳምንት ሁለት ቀን፣ መሣሪያ ሳይኖር፦

ብድግ ቁጭ። በርጩማ ወይም ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ በእግራችሁ ጉልበት ብቻ ተነሡ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ዘፍ አትበሉ። ስምንት ጊዜ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ከፍ ያለ ወንበር ያዙ።

ግድግዳ መግፋት። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቁ፣ መዳፋችሁን በትከሻችሁ ልክ አስቀምጡ፣ ወገባችሁ ሳይጎብጥ አፍንጫችሁ ግድግዳው ጋ እስኪደርስ ተጠጉና ግፉ። ስምንት ጊዜ። ከወር በኋላ ሲቀልላችሁ ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ ውረዱ።

ተረከዝ ማንሳት። የበሩን መቃን ይዛችሁ በጣቶቻችሁ ቁሙ፣ ሁለት ቁጠሩ፣ ውረዱ። አሥር ጊዜ። እንደኔ ለሚቀመጥ ሰው ይቺ የባት ነገር የማታ እብጠትን ቀንሳልኛለች።

ይህን አንድ ዙር በሉት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዙር፣ በሦስተኛው ሁለት። በማግስቱ ሰውነታችሁ ይያዛል፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ይብሳል፤ ከዚያ ይለቃል። ያልለመደ ጡንቻ ጠባይ ነው። መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነገር ስለሆነ አቁሙ።

5. ልብሱ (ሙያዬ ስለሆነ ታገሡኝ)

"ምን ለብሼ ልውጣ?" ብለው የቀሩ ሴቶች ብዛት ቢቆጠር ስታዲየም ይሞላል። ጂንስም ጠባብ ሱሪም አያስፈልግም። ድሪያ፣ ያን ሰፊና ስስ ረጅም ቀሚስ፣ ለብሳችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ለሙቀቱም እሱ ይሻላል። ሦስት ነገር ብቻ አስተካክሉ። ጫፉ ከቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ትረግጡትና ትወድቃላችሁ። ከሥሩ ስስ የጥጥ ሱሪ ይኑር፤ ጭን ከጭን ሲፋተግ የሚልጠው ላብ የስንቱን ሰው ዎክ አስቁሟል። ለቁልፍና ለስልክ ደግሞ በቀኝ ጎኑ ከውስጥ ኪስ አሰፉበት፣ አፉ በአዝራር ይዘጋ። ማንኛዋም ልብስ ሰፊ በሩብ ሰዓት ትሠራዋለች። ሒጃብ የምታደርጉ የጥጡን ምረጡ፤ የሚያንሸራትተው ጨርቅ ላብ አይጠጣም።

ወንዶች በሽርጥ መራመድ ይቻላል፣ መሮጥ ግን አይቻልም፤ ሞክሮ የወደቀ ዘመድ አለኝ።

ጫማ ሰልባጅም ቢሆን ችግር የለውም። ስትገዙ ሶሉን በሁለት እጃችሁ እጠፉት፤ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ መታጠፍ አለበት፣ መሃሉ ላይ ከታጠፈ ተዉት። ተረከዙ በአንድ ወገን የተበላውንም ተዉት፤ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የምትገዙት።

የሰው ዓይን ለሚያሳቅቃችሁና መንገድ ላይ ለሚለከፉ እህቶች፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ሁለተኛ ሰው ከሌለ ግቢ ውስጥ ሥሩት። ግቢ ውስጥ የተሠራም ስፖርት ነው።

6. ስለ ጫት

ስለ ጫት የማያወራ የድሬ መመሪያ የሌላ ከተማ ነው። ቃሙ አልልም፣ አትቃሙም አልልም፤ የምለው ስለ ሰዓቱ ነው።

ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ምርቃና ላይ ሰው ተራራ የሚንድ ይመስለዋል፤ "ና እንሩጥ" የሚለውም ያኔ ነው። ልብ ቀድሞ እየሮጠ ባለበት ላይ ሌላ ሩጫ መጨመር፣ ያውም በሙቀት፣ አደጋ ነው። በዚያ ሰዓት ከባድ ስፖርት አትሥሩ። እንቅልፉም አለ። ከበርጫ (ከጫት ቅሚያው) በኋላ ያለ ሌሊት ይረዝማል፤ ምግብም ይዘጋል፤ ጠዋት 11:30 ላይ የሚነሳው ሰው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የሚቅም ሰው ለማግስቱ ጠዋት ትንሿን ብቻ ያቅድ። ባለ ስድስት ደቂቃዋን። "ዛሬ ሰነፍኩ" ብሎ ከመማረር "ዛሬ የትንሿ ቀን ነው" ማለት እውነትም ነው፣ ይቀልላልም።

አንድ ደንበኛዬ ያደረገውን ወድጄለታለሁ። ጀማዎቹን "ወደ በርጫው በባጃጅ አንምጣ፣ ቀደም ብለን ከቀፊራ በእግር እንገናኝ" አላቸው። መጀመሪያ ሳቁበት። አሁን አራቱ ይራመዳሉ፤ ወሬውም የሚጀመረው እዚያው መንገድ ላይ ነው።

7. ጠመኔ

ስልክ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ነገር አለ፤ ለሚወደው መልካም። እኔ የምጠቀመው የስፌት ጠመኔ ነው። በሠራሁበት ቀን ቁም ሳጥኔ በር ላይ አንድ መስመር አሰምራለሁ። ባልሠራሁበት ቀን ምንም አልጽፍም። አቋርጬ በተመለስኩበት ቀን ግን መስመሩን በክብ እከበዋለሁ።

ክቡ የመጣው በአራተኛው ጅማሬ ከደረሰብኝ ነው። ያኔ ተከታታይ ቀናትን ነበር የምቆጥረው። 23 ደርሼ አንድ ቀን አለፈኝና ወደ ዜሮ ወረድኩ፤ ዜሮውን ሳየው ሆዴ ባር ባር አለ፣ በሩን ከፍቼ ደብቄው ዋልኩ። አሁን ክብ ሳይ የማስበው ሌላ ነው። ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ ከሌሎቹ መስመሮች ሁሉ የከበደው እሱ ነበር፣ ሠርቼዋለሁ።

የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው "እችላለሁ" የሚል እምነት ከየት እንደሚያገኝ ሲጽፍ ከሁሉ ያስቀደመው ራስ ሠርቶ ማየትን ነው፤ ከዚያ እንደኔው ያለ ሰው ሲችል ማየት፣ የሚታመን ሰው ማበረታታቱ፣ በመጨረሻም ሰውነት የሚያሳየውን ምልክት የምንተረጉምበት መንገድ። ጠመኔው ለመጀመሪያው ነው፤ ዓይኔ እያየ አልክድም። ለሁለተኛው የሚጠቅማችሁ ቴሌቪዥን ላይ ያለ ሯጭ አይደለም፤ አገራችን የሯጭ አገር ናትና እነሱን እያየን ራሳችንን ስንንቅ ነው ያደግነው። በሰፈራችሁ፣ በእናንተ ዕድሜ፣ በእናንተ ኪሎ ያለች አንዲት ሴት ፈልጉና ከኋላዋ ተራመዱ። አራተኛውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልባችሁ ሲመታ "አልችልም ማለት ነው" ብላችሁ አትተርጉሙት፤ ከላይ ባልኩት የማውራት ልክ ውስጥ ከሆናችሁ ልብ ሥራዋን እየሠራች ነው።

8. ክሩ ሲበጠስ

ስፌት ላይ ክር ይበጠሳል። ልብሱን አይጥሉትም። ክሩን መልሰው ያስገቡና ከተበጠሰበት ሁለት ሦስት ስፌት ወደ ኋላ ብለው በላዩ ላይ ይደርቡታል፤ ልክ ከተበጠሰበት ነጥብ ከቀጠሉ በኋላ እዚያው ጋ ይተረተራል። ከስፖርት ስትመለሱም እንዲሁ ነው። እስከ አራት ቀን ከቀራችሁ በነበራችሁበት ቀጥሉ። ሁለት ሳምንት ከሆነ በግማሹ ጀምሩና በሳምንት ውስጥ ጨምሩ። ወር ካለፈ ወደ ስድስት ደቂቃዋ ተመለሱ፤ ወደ መንገዱ ጥግ። ያለፈውን ለማካካስ በአንድ ቀን ሁለት ቀን አትሥሩ፤ ዕዳ የለባችሁም።

የምታውቁት መቋረጥ ሲመጣ አስቀድማችሁ አሳንሱት። ረመዳን ላይ ከፍጡር (ከጾም መፍቻው) በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ለስለስ ያለ ዎክ፣ ወይም ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ብድግ ቁጭ። የክርስቲያኑ ጾም ሲገባ ጠዋት ዎኩ ይቀጥላል፣ የጡንቻው ሥራ ከምግብ በኋላ ይሁን። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ጾሙም ስለ ስፖርቱም ሐኪሙን ይጠይቅ። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ደግሞ ላብ የማያስወጣውን ብቻ ሥሩ፤ መታጠቢያ ሳይኖር ልቦና አይኖርም።

በሽታ ግን ሌላ ነው። ድሬ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ ደግሞ ቺኩንጉንያ፣ ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ ትኩሳቶች፣ ገብተውባታል፤ ከተማው ሁሉ ጎብጦ የሄደበት ክረምት ነበር። ትኩሳት ባለበት ቀን ምንም ስፖርት የለም። ቺኩንጉንያ የያዘው ሰው ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላም መገጣጠሚያው ለሳምንታት፣ አንዳንዱን ለወራት ያመዋል። በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ እጅና እግርን ማፍታታትና አጭር ዎክ ይበቃል፤ ግድግዳ መግፋቱ ሕመሙ እስኪቀንስ ይቆይ። እኔ ያኔ ወደ መንገዱ ጥግ ለመመለስ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በሩ ላይ ትልቅ ክብ አለ።

9. የሌላ ሰው ጊዜ ሲሆን

ጥቂት ወር ስትቆዩ መንገድ ላይ የሚያውቋችሁ ሰዎች ይበዛሉ፤ ከነሱም አንዷ አንድ ሳምንት ትጠፋለች። ስታገኟት "አቆምሽው እንዴ?" አትበሏት። "የት ጠፋሽ?" ራሱ ያሸማቅቃል። ስለቀረችበት ሳትጠይቁ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ንገሯት፦ "ነገ 11:30 ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነኝ፤ ብትመጪ አብረን እንሄዳለን፣ ባትመጪም ሐሙስ አለሁ።"

ያችን እናት ከሁለት ወር በኋላ በራቸው ላይ አገኘኋቸው። "አሞኝ ነው ያልኩዎት ውሸት ነበር እማማ፣ አፍሬ ነው" አልኳቸው። "ኧረ ሂጂ አቦ!" ብለው ሳቁና ዱላቸውን አነሡ፤ "እስከ ጥግ ድረስ አድርሺኝ።"